የኦርጋኑ ዜማ የማን ነው? አጃቢ ሙዚቀኛ የዘፈን ደራሲ የሚሆነው መቼ ነው

ሸክላው መዞር ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰማው ዘፋኙ አይደለም። ሐሞንድ የተባለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ይይዛል፤ ከሥሩ ቤዙ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ በአንድ እየረገጠ ወደ ታች ይሄዳል፤ ኦርጋኑም ከያዘው ድምፅ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይል ጀመር። ዘፋኙ ጋሪ ብሩከር የመጀመሪያውን ቃል እስኪያወጣ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አድማጩ የቱን ዘፈን እየሰማ እንደሆነ አውቆታል።

ዘፈኑ ፕሮኮል ሀረም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በሜይ 1967 ያወጣው «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የአገራችን አዋጅ ከሚጠቀስበት ቦታ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ግጥሙን ብዙ ሰው በቃሉ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ይቸገራል። ያንን የኦርጋን ዜማ ግን ያልሰማ የለም ማለት ይቻላል። ይሁንና በሸክላው ላይ በደራሲነት የሰፈሩት ስሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የብሩከርና የገጣሚው የኪት ሪድ። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር በደራሲነት መቆጠሩ በመጨረሻ የጸናው በ2009 ነው፤ ለዚያም ጉዳዩ በሦስት ፍርድ ቤቶች ማለፍ ነበረበት።

ስለዚህ ክርክር ሲወራ ሁለት የተሳሳቱ አባባሎች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ኦርጋን ስለተጫወተ ብቻ የሰው ዘፈን ተካፈለ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ዜማው እኮ የባኽ ነው፤ የማንም አይደለም» የሚል ነው (ባኽ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው)። ሁለቱም ነገሩን ስተውታል። የት ላይ እንደሳቱት ለማየት ግን አስቀድሞ ዘፈን በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አንድ ዘፈን ስንት ንብረት ነው?

አድማጭ ዘፈንን የሚሰማው እንደ አንድ ነገር ነው። ሕግ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ያይበታል። ግጥሙ ለብቻው ሥራ ነው፤ ሙዚቃው ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው በአንድ ስቱዲዮ በተወሰነ ቀን ተዘፍነው የተቀረጹበት ድምፅ ደግሞ ሦስተኛ ንብረት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚጠበቁት በቅጂ መብት ሲሆን ባለቤታቸው ደራሲው ነው። በቀረጻው ላይ ግን ሌሎች ሰዎችም መብት አላቸው፤ የተጫወቱት፣ የዘፈኑትና ቀረጻውን በገንዘባቸው ያሠሩት። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንኑ ልዩነት ይዞ ደራሲውን በቅጂ መብት፣ ከዋኙን (ተጫዋቹንና ዘፋኙን)፣ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩንና ብሮድካስተሩን ደግሞ «ተዛማጅ መብት» በሚባለው ሥር ያስቀምጣቸዋል።

ነገሩን በቤት ግንባታ መስለን ብናየው ይቀላል። ደራሲው የቤቱን ፕላን ያወጣ ሰው ነው፤ ሙዚቀኞቹ በዚያ ፕላን አንድ ቤት የገነቡ ግንበኞች ናቸው። ግንበኛው የሚከፈለው እርሱ ለሠራው ቤት ነው። ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ያንኑ ፕላን ይዞ ሌላ ቤት ቢሠራ፣ ክፍያ የሚደርሰው ፕላኑን ላወጣው እንጂ ለመጀመሪያው ቤት ግንበኛ አይደለም።

በሙዚቃ ውስጥ ይህ ልዩነት ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ በግልጽ ይለያል። ለምሳሌ ዘፋኟ አኒ ሌኖክስ ይህንን ዘፈን በ1995 እንደገና ዘፍናዋለች፤ ከእርሷ በፊትና በኋላም በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች አስቀርጸውታል። ከእነዚህ ሁሉ ቀረጻዎች ለፕሮኮል ሀረም ቤዝ ተጫዋች ወይም ድራመር በተጫዋችነቱ የሚደርሰው ነገር የለም፤ ለዘፈኑ ደራሲዎችና ለአሳታሚያቸው ግን ይከፈላል። በአሜሪካ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ በዚያ አገር በተለመደው የኤፍ ኤምና የኤ ኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አይደለም። እንግዲህ በሸክላው መሐል ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የምትጻፈው ስም ለአሥርት ዓመታት የሚፈስ ገንዘብ የሚከተላት ስም ናት።

በ1967 ምን ተፈጠረ?

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ሪድ ግጥሙን ጽፎ ለብሩከር ሰጠው። ብሩከር በፒያኖ ዜማውን፣ ኮርዶቹን (በአንድ ላይ የሚመቱትን የድምፅ ጥምረቶች) እና ያንን ወደ ታች የሚወርድ የቤዝ መስመር ሠራ፤ በፒያኖና በድምፁ ብቻም ለናሙና ቀረጸው። በማርች 1967 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ የዘፈኑን መብት ኤሴክስ ሚዩዚክ ለተባለ አሳታሚ ድርጅት በውል አስተላለፉ። በዚያን ጊዜ ፊሸር ገና የባንዱ አባል አልነበረም።

ፊሸር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በለንደን የጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ የራሱ ሐሞንድ ኦርጋን የነበረው ወጣት ነበር። ባንዱ ልምምድ ሲጀምር ዘፈኑ ረዘም ያለ ስለነበር በስንኞቹ መካከል የሚገባ ነገር ፈለገ፤ ፊሸርም በብሩከር ኮርዶች ላይ ተቀምጦ ስምንት ባር (የምት ክፍል) የሚሆን ዜማ አበጀ። ዜማው ከመግቢያው አልፎ በስንኞቹ መካከል ይመለሳል፤ ዘፋኙ በሚዘፍንበት ጊዜም ኦርጋኑ ከሥር ሆኖ ከድምፁ ጋር ይነጋገራል። ዘፈኑ በኤፕሪል በለንደን ኦሊምፒክ ስቱዲዮ፣ በፕሮዲውሰር ዴኒ ኮርዴል መሪነት ተቀረጸ። በጁን ወር በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ስድስት ሳምንት ሰነበተ።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ቋጠሮ ይታያል። የደራሲነቱ ወረቀት የተፈረመው ያ የኦርጋን ዜማ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ወረቀቱ የሚያውቀው ፒያኖና ድምፅ ብቻ የነበረበትን ዘፈን ነው፤ ዓለም የሰማው ግን በልምምድ ክፍል ውስጥ የተለወጠውን ነው። በቤቱ ምሳሌ ብንሄድ፣ ፕላኑ ጸድቆ ማኅተም ከተመታበት በኋላ አንዱ ግንበኛ ፊት ለፊት በረንዳ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቤት የሚሠራ ሁሉ ከነበረንዳው ይሠራዋል፤ በፕላኑ ወረቀት ላይ ግን በረንዳም የለ፣ የግንበኛው ስምም የለ።

ፍርድ ቤቱም ይህንን ልዩነት ያዘ። በብሩከርና በሪድ የተደረሰው የመጀመሪያው ዘፈን የእነርሱ ብቻ መሆኑን ማንም አልካደም። ጥያቄው በቀረጻው ላይ የሚሰማው፣ ከኦርጋኑ ጋር የተዋሐደው የሙዚቃ ሥራ የማን ነው የሚል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2006 በዳኛ ብላክበርን አማካይነት የሰጠው መልስ፣ ይህ ሁለተኛው ሥራ የብሩከርና የፊሸር የጋራ ድርሰት ነው የሚል ሆነ።

ዜማው ከባኽ የተወሰደ አይደለም ወይ?

ብዙ ሰው ዘፈኑን ሲሰማ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ትዝ ይለዋል፤ በተለይም ከሦስተኛው የኦርኬስትራ ስዊት ውስጥ ያለው ዝግ ያለ ክፍል። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ፊሸርም አልደበቀውም። የቤዙ አወራረድና የመጀመሪያው ረዥም ድምፅ አድማጩን በቀጥታ ወደዚያ ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ድምፆች በኋላ ሁለቱ ዜማዎች ይለያያሉ፤ የፊሸር ዜማ የባኽን አይከተልም።

የሙዚቃ መንፈስ መውሰድና ዜማ መውሰድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የእኛ አድማጭ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የትዝታ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ዘፋኙ ሁሉ ይቀኝበታል፤ በዚያው ቅኝት ውስጥ ሆኖ የተፈጠረ አንድ የተለየ ዜማ ግን ባለቤት አለው። የቅጂ መብት ሕግ «አዲስ» ሲል ከዚህ በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ ማለቱ አይደለም። ሰውየው ከሌላ ሳይገለብጥ በራሱ ችሎታና ድካም ያወጣው ነው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዳኛውም የኦርጋኑ ክፍል ጎልቶ የሚለይ፣ ለድርሰቱ ከፍተኛ ድርሻ ያለውና የፊሸር ችሎታና ጥረት ውጤት መሆኑን ተቀበሉ።

ባኽን መጥቀስ ለብሩከር ወገን ብዙም የማይረዳበት ሌላ ምክንያትም ነበር። ባኽ የፊሸርን ዜማ የማንም እንዳይሆን ቢያደርገው እንኳ የብሩከር አያደርገውም።

መጫወት መቼ ነው መድረስ የሚሆነው?

ይህ የነገሩ ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ቁርጥ ያለ መለኪያም የለውም። ቁልፉ ቃል «የጋራ ደራሲነት» ነው። በእንግሊዝ ሕግ ሁለት ሰዎች የጋራ ደራሲ የሚባሉት ተባብረው ሲሠሩ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከሌላው ተነጥሎ የማይቆም ሲሆን፣ ድርሻውም የፈጠራ ክብደት ያለው ሲሆን ነው። ሰዎቹ «እንግዲህ የጋራ ደራሲ እንሁን» ብለው መስማማታቸው አያስፈልግም። ድርሻዎቹ እኩል መሆንም የለባቸውም።

ሁለት ሌሎች ክሶችን ጎን ለጎን ማየት መስመሩ የት እንደሚያልፍ ያሳያል። ስፓንዳው ባሌ በተባለው ባንድ ውስጥ ዘፈኖቹን ሁሉ በስሙ ያስመዘገበው ጋሪ ኬምፕ ነበር። በ1999 ዘፋኙ ቶኒ ሀድሊ፣ ሳክስፎኒስቱ ስቲቭ ኖርማንና ድራመሩ ጆን ኪብል ድርሻ ይገባናል ብለው ከሰሱ፤ ተሸነፉም። ኬምፕ ለባንዱ ይዞ የሚመጣው ያለቀለት ዘፈን እንደነበር፣ በጊታር እየዘፈነ እንዳስጠናቸው፣ የቀሩት ያደረጉት ደግሞ እያንዳንዱ ጥሩ ሙዚቀኛ በመሣሪያው ሊያደርገው የሚጠበቅበትን መሆኑን ዳኛው አመኑ። ቤቱን አሳምረው ገነቡት እንጂ ፕላኑን አልለወጡትም እንደማለት ነው።

በሌላው ጫፍ ቦቢ ቫለንቲኖ የተባለው ቫዮሊን ተጫዋች አለ። እርሱ የባንድ አባል እንኳ አልነበረም። ዘ ብሉቤልስ የተባለ ባንድ በ1984 «ያንግ አት ሀርት» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽ ለአንድ ቀረጻ ተከፍሎት መጥቶ፣ አጭር የቫዮሊን ዜማ አውጥቶ ተጫውቶ ሄደ። በ1993 ዘፈኑ የመኪና ማስታወቂያ ላይ ዋለና እንደገና ታትሞ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ ቫዮሊኑም የዘፈኑ መለያ ነበር። ቫለንቲኖ በ2002 የጋራ ደራሲ ተብሎ ተፈረደለት፤ በይግባኝም ጸናለት።

ታዲያ ኖርማንን ከቫለንቲኖ የለየው ምንድን ነው? የአጨዋወት ጥራት አይደለም። ጥያቄው፣ ሌላ ሰው ይህንን ዘፈን እንደ አዲስ ቢሠራው የተጨመረው ነገር አብሮ ይሄዳል ወይስ ከተጫዋቹ ጋር ይቀራል የሚል ነው ብዬ ብገልጸው እውነቱን የምቀርበው ይመስለኛል። የፊሸርን ዜማ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ፍጥነት፣ በሌላ ቁልፍ ብትጫወቱት ያው እርሱ ነው። ከኦርጋኑ ለስላሳ ድምፅና ሌስሊ ከሚባለው ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያ መርገብገብ ተነጥሎ በፉጨት እንኳ ይታወቃል። ድምፁ የቀረጻው ነው፤ ዜማው ግን የዘፈኑ ሆኗል።

በዚህ መስመር ላይ የሚያስቸግር አንድ ጉዳይ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይወስነው ቀርቷል። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው ባንድ በጃንዋሪ 1973 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አባሉ ሪቻርድ ራይት የሠራውን የፒያኖና የኦርጋን ጥንቅር ይዞ አንዲት ዘፋኝ ፈለገ። ክሌር ቶሪ ተጠርታ መጣች። ቃል የሌለው ሙዚቃ ላይ ቃል ሳታወጣ፣ እያለቀሰችም እየጮኸችም በሚመስል ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነችበት፤ የእሑድ ዋጋ 30 ፓውንድ ተቀብላም ሄደች። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የተባለው ይህ ሥራ በደራሲነት የራይት ብቻ ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ተሸጠ። ቶሪ በ2004 ከሰሰች፤ በ2005 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በሚወጡ እትሞች ላይ የእርሷም ስም ከራይት ጎን ይጻፋል። ነገሩ በፍርድ ስላላለቀ ቅጽበታዊ የድምፅ ፈጠራ መቼ ድርሰት እንደሚሆን የሚነግረን ዳኛ አላገኘንም።

በእኛ ዘንድ ለዚህ ሁሉ መካከለኛ ቦታ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ ቅንብር። የኢትዮጵያን ካሴት ልባስ ገልጦ ያነበበ ሰው «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» የሚሉትን ሦስት ቃላት ከነባለቤቶቻቸው ለይቶ ያውቃቸዋል፤ መግቢያውን፣ በስንኞች መካከል የሚገባውን የመሣሪያ ዜማና የአጃቢዎቹን ንግግር የሚያወጣው አቀናባሪው መሆኑንም ይረዳል። የ1967ቱ የእንግሊዝ ሸክላ ለዚህ ሥራ የተለየ ቦታ አልነበረውም። ሙዚቀኛው ወይ ደራሲ ነው ወይ አጃቢ ነው፤ በመካከል ያለው ሰው ስሙን የሚያኖርበት መስመር አያገኝም። በቅንብር ስም መጠራት ክብር እንጂ የግድ የዜማው ባለቤትነት ማለት እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም።

38 ዓመት ዝም ያለ ሰው እንዴት ይሰማል?

ብዙ አንባቢ ፊሸርን የሚጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ የወጣው በ1967 ነው፤ ክሱ የመጣው በ2005። እርሱም በ1969 ከባንዱ ወጥቶ፣ በ1991 ተመልሶ፣ እስከ 2004 ድረስ ከእነ ብሩከር ጋር በመድረክ ያንኑ ዜማ ሲጫወት ቆይቷል።

ፍርድ ቤቱ እንደተቀበለው ፊሸር ጥያቄውን ገና በ1967 አንሥቶ ነበር፤ መልስ አላገኘም። ወጣት ነበር፤ ባንዱ በድንገት ታዋቂ ሆኗል፤ አጥብቆ ቢይዝ ከባንዱ ሊወጣ እንደሚችል ፈራ። ይህ ፍርሃት በባንድ ውስጥ ለኖረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በደራሲነት የተመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ የባንዱ መሪ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ ነገ ሊተካ የሚችል ተጫዋች ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2008 ፊሸር የጋራ ደራሲ መሆኑን አጸና፤ ነገር ግን በአብላጫ ድምፅ፣ ይህን ያህል ዘመን አይቶ ዝም ያለ ሰው አሁን ከዘፈኑ ገንዘብ ሊጠይቅ አይገባም አለ። ደራሲነቱ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ፊሸር ወደ መጨረሻው እርከን፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ሄደ። አምስቱ ዳኞች ጁላይ 30 ቀን 2009 በአንድ ድምፅ የይግባኙን ውሳኔ ሽረው የመጀመሪያውን መለሱ።

ምክንያታቸው ለተራ አንባቢም ግልጽ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የቅጂ መብት ባለቤት ነኝ ለሚል አቤቱታ ይርጋ አልተቀመጠም። ዝምታ መብትን የሚያሳጣው ሌላውን ወገን ሲጎዳ፣ ማለትም ዝምታውን አምኖ አንድ ነገር አድርጎ ከሆነና አሁን መመለስ የሚያከስረው ከሆነ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን መዘግየቱ ተከሳሾቹን ይበልጥ ጠቀማቸው እንጂ አልጎዳቸውም፤ የፊሸር ድርሻ ሊሆን ይችል የነበረውን ገንዘብ 38 ዓመት ሙሉ ሲቀበሉ ኖረዋል። ባንዱ የፈረመው የቀረጻ ውልም የፊሸርን የደራሲነት መብት ለአሳታሚው በዝምታ አስተላልፏል የሚለው ክርክር ተቀባይነት አላገኘም።

ዝምታው ዋጋ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ፊሸር እስከ ሜይ 2005 ድረስ ሌሎቹ በዘፈኑ እንዲጠቀሙ በዝምታ ፈቅዷል ተብሎ ስለተወሰደ፣ ድርሻው የሚታሰበው ፈቃዱን ካነሣበት ከዚያ ወር ወዲህ ብቻ ነው። ዘፈኑ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠባቸው ዓመታት ገንዘብ አልተመለሰለትም። ለእኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር ለፊሸር የተፈረደለት የ40 በመቶ ድርሻ ሳይሆን ይህ 38ቱ ዓመት ነው።

40 በመቶው ከምን ላይ ነው?

ፊሸር የጠየቀው ግማሹን ነበር። ዳኛው መሠረቱን የጣለው ብሩከር ስለሆነ የፊሸርን ድርሻ ወደ 40 በመቶ አወረዱት፤ የተቀረው 60 በመቶ የብሩከር ወገን ሆነ። ነገር ግን ይህ 40 በመቶ ከሙዚቃው መብት ላይ እንጂ ከጠቅላላው ዘፈን ላይ አይደለም። የሪድ ግጥም ለብቻው የቆመ ሥራ ስለሆነ አልተነካም። ከዘፈኑ የሚገኝ ገቢ በግጥምና በዜማ መካከል እኩል ቢከፈል፣ ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 50ው ለግጥሙ ይሄዳል፤ ከቀረው 50 የፊሸር ድርሻ 20 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። «የዘፈኑን ግማሽ ሊወስድ ነው» ተብሎ የተወራው ከዚህ ሂሳብ ጋር አይገናኝም።

ፊሸር በባንዱ ውስጥ ሌላ ምን ሠራ?

ሁሉም ስለ አንድ ዜማ ስለሚያወራ የቀረው ሥራው ተሸፍኗል። በ1967ቱ የመጀመሪያ አልበም መጨረሻ ላይ ያለው ቃል የሌለው «ሪፔንት ዋልፐርጊስ» በደራሲነት የተመዘገበው በእርሱ ስም ነው። በ1969 የወጣው «ኤ ሶልቲ ዶግ» የተባለው አልበም ፕሮዲውሰር ራሱ ፊሸር ነበር፤ በዚያ ላይ የዘፈናቸውና በድርሰታቸው የተካፈለባቸው ዘፈኖችም አሉ። ይህም ሕጉ ምን ያህል ጠባብ በር እንዳለው ያሳያል። አልበም ፕሮዲውስ ማድረግ፣ ማለትም የትኛው ቅጂ ይቅር፣ የትኛው መሣሪያ ወደ ፊት ይምጣ፣ ድምፁ እንዴት ይሰማ ብሎ መወሰን የሥራውን መልክ ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ብቻውን ማንንም የዘፈን ደራሲ አያደርግም።

ሌሎች ባንዶች ይህን ጠብ እንዴት አመለጡት?

አንዳንዶቹ ገና ከጅምሩ በር ዘግተዋል። ዘ ዶርስ በመጀመሪያዎቹ አልበሞቻቸው ዘፈኖቻቸውን በባንዱ ስም አስመዘገቡ። ኩዊን ለብዙ ዓመት በየግል ስም ሲያስመዘግቡ ቆይተው፣ በ1989ኙ «ዘ ሚራክል» አልበም ላይ ማንም ይድረሰው ማን ደራሲው «ኩዊን» ነው ብለው ለውጠውታል። ጥቅሙ ገንዘብ መካፈል ብቻ አይደለም። የትኛው ዘፈን ይውጣ በሚለው ምርጫ ላይ የማን ኪስ ይሞላል የሚለው ጥያቄ ከመካከል ይወጣል።

በዝምታ መተው ደግሞ በየትኛውም በኩል አደጋ አለው። የዘ ስሚዝስ ድራመር ማይክ ጆይስ በ1996 ፍርድ ቤት ሲቀርብ የጠየቀው የደራሲነት ድርሻ አልነበረም፤ ዘፈኖቹ የባንዱ ዘፋኝ የሞሪሲና የጊታሪስቱ የጆኒ ማር መሆናቸውን አልካደም። የጠየቀው ከቀረጻና ከመድረክ ትርፍ እኩል አንድ አራተኛ ይገባኛል ብሎ ነው። ሞሪሲና ማር 10 በመቶ ብቻ ይሰጡት ነበር። የተለየ ስምምነት መኖሩ ስላልተረጋገጠ፣ ሸሪኮች ካልተዋዋሉ ትርፋቸው እኩል ነው የሚለው የ1890 የሽርክና ሕግ ተፈጸመና ጆይስ 25 በመቶውን አገኘ። ሁለቱ ፍርዶች የተለያዩ ንብረቶች ላይ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ጆይስ ያሸነፈው ስለ ቤቱ ነው፣ ፊሸር ስለ ፕላኑ።

በመጨረሻው ችሎት

ውሳኔው የተሰጠበት ቀን የሎርዶች ምክር ቤት እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያሰማበት የመጨረሻው ቀን ነበር፤ በኦክቶበር ሥራውን አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረከበው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ2009፣ ይኸው ዘፈን ባለፉት 75 ዓመታት በብሪታንያ በሕዝብ መገናኛ ቦታዎች ከሁሉ በላይ የተሰማ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ከአምስቱ ዳኞች አንዷ፣ ባሮነስ ሄይል፣ ከሕጉ ትንታኔ ወጣ ብለው የስድሳዎቹን ዘመን ከሚያስታውሱ ሰዎች አንዷ መሆናቸውን ገልጸው፣ የዚያ የማይረሳ የኦርጋን ዜማ ደራሲ በመጨረሻ የሚገባውን እውቅና ማግኘቱ እንዳስደሰታቸው ጽፈዋል። ቃሉን የመረጡት አውቀው ነው፤ «ተጫዋች» አላሉትም።